የቀያሹ ጓሮ

ማራኪ ሰፈር ነው፣ ከዳገቱ አናት፤
አራት በሦስት ሜትር የጓሮዬ ስፋት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት የለካሁት፣
የሰው አጥር ወዲህ፣ የሰው በር ወዲያ ያልሁት፣
ጡረታ ስወጣ ይችን ነው ያገኘሁት፤
ጠጠር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የጡብ ስባሪ፣
አንድ ግራዋ ብቻ፣ የቀድሞው ነዋሪ።

መጀመሪያ ያማረኝ ጌጥ ነበረ፣ ጌጥ፤
ጽጌረዳ በረድፍ፣ ሣር እንደ ምንጣፍ ለጥ።
አንጓች በአጥሩ ላይ አየችኝና ሳቀች፤
«ቀያሹ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አረገች፣
«ቧንቧችን የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤
ሣሩ ከጠጣብህ ድስትህን ምን ሊያጥበው?
ይልቅ አፈርህን ጠይቀው ምን ይላል፤
ጨብጠህ ልቀቀው፤ እንዴት ይበተናል?»

ጨበጥሁት። አልተበተነም። ጡብ ሆነ እጄ ላይ።
ሠላሳ ዓመት ለክቼው አንድ ቀን እንኳ ሳላይ።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ከላይ ቤት ተከራይ፣
«እንዴት አለማኸው?» ያልኸኝ ከአጥሩ በላይ፣
ያንጓችን ልንገርህ፤ የራሴ አይደለም፣
እኔ የጨመርሁት ገመድ ነው፣ ሌላ የለም።

ሐምሌ አፈርህን ይዞ ወደ ቀሃ ይነጉዳል፤
ድንጋይ ደርድርበት፣ ዳገት ደረጃ ይወዳል።
ድንጋዩን አትጣለው፤ እኔ ጥዬ አለቀስሁ፣
በክረምቱ መግቢያ በጀርባዬ መለስሁ።
የሽንኩርት ልጣጩን፣ የሻዩን አተላ፣
ጉድጓድ አስተኛቸው ከገለባ ኋላ፤
ሦስት ወር ታገሣቸው፣ እያገላበጥህ፤
ዝናብ ዝናብ ሲሸት፣ ያን ጊዜ ደረሰልህ።

ጌጥ ትወድ የለም? ግድ የለህም፣ ውደድ፤
ጌጥና ጎመን እኮ አይደለም ሁለት መንገድ።
ቀይ ሥር በድንበሩ፣ ቅጠሉ ደም መሳይ፣
የጥብስ ቅጠል ከጥግ፣ አበባው እንደ ሰማይ፣
አደንጓሬ ሽቅብ በሸንበቆ ሲወጣ
ነጭ ነጭ ያብባል፤ ሌላ ጌጥ ከየት ይምጣ?
የዘይት ጀሪካን ቁረጥ፣ ታችኛውን ብሳ፣
ሰላጣ ዝራበት፣ ግድግዳው ላይ አንሣ።
ቀለምም ቅባቸው፤ ቀይ ግን አታድርገው፤
ምክንያቱን ኋላ፤ ለአሁኑ ግን ተወው።

ካሮት ሲወጣ አሳሳ፤ አንጀትህ አይራራ፤
ዓምና ራርቼለት የአይጥ ጅራት አፈራ።
ሳሙና ያልነካው እጣቢ አትድፋ፤
ጎመን ሥር አንቆርቁረው ፀሐይ ስትጠፋ።
ለትል አመድ አለ፣ ለፀሐይ ጥላ አላት፤
ለሙጨ ዶሮ ግን መላ አጣሁላት።

ረድፉን በገመድ ያዝ፤ ችካሉ ይኸውልህ፣
የመሥሪያ ቤት ነበር።
                                አሁን ልንገርህ።

አንድ ሚያዝያ ጧት፣ መንገድ ይሰፋል ሲባል፣
በዚህ ብረት ወጋሁ የአንዲት ሴት ጤና አዳም መሐል፤
አጥሯ ላይ ቀይ ቀለም፣ መስቀለኛ መታሁ፤
ስሟን በመዝገቡ በቁጥር ጻፍሁ፤ ረሳሁ።
መንገዱ ግን አልመጣም። ጠጠሩ አልተደፋም።
አጥሩ ፈረሰ እንጂ ማንም ምንም አልሰፋም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣
አንጓች ጎራ አለች፣ ጠጠር ስቆፍር፤
በጋዜጣ ጠቅልላ አንድ ዘንጉን ይዛ፣
«ጤና አዳም ነው» አለች፣ «የተረፈው በዛ።»
ቀና ብዬ አየኋት። ዐይኗን አላነሣች።
ችካሉን አየችው፤ ከጎኑ ተክላ ሄደች።

ይኸው ሰባት ዓመት ሁለታችን ዝም፤
ዘር እንለዋወጣለን፤ ነገር ግን አንቆጥርም።

በል ሂድ እንግዲህ፣ ልጄ፣ ከመምሸቱ በፊት፤
ጀሪካንህን ብሳ፣ ውሃ ሊመጣ ነው ሌሊት።
ደግሞ ስትተክል ከአጥሩ ሥር ስንዝር ተው፤
የጎረቤት እጅ የሚያልፍበት ነው።